ከኤስዳት እስከ ታክስ ቢል፦ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የአንድ ቤት መዝገብ ፍለጋ የሥራ ማስታወሻ

ቤቱ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ኤፕሪል ላይ በ610,000 ዶላር የተገዛ ታውንሃውስ ነው። የሥራው ዓላማ ጁላይ ላይ የሚመጣው የንብረት ታክስ ቢል ከምን ከምን እንደተደመረ በመዝገብ ማረጋገጥና ስህተት ካለ ገንዘቡ ሳይከፈል ማስተካከል ነው። የቤቱ ዋጋና ግምት ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ የናሙና ቁጥሮች ናቸው። ሕጉ፣ ቀነ ገደቡና የመዝገቡ አቀማመጥ ግን እንዳለ ተወስዷል።

ሜይ፣ ማን ምን ይይዛል

“የካውንቲ መዝገብ” ሲባል ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ያለ ይመስላል። በሜሪላንድ ሦስት ቦታ ነው። የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ካውንቲው ሳይሆን ስቴቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በአጭር ስሙ ኤስዳት ይባላል። ቢሉን አስልቶ የሚልከውና ገንዘቡን የሚሰበስበው የካውንቲው ፋይናንስ መምሪያ ነው። ዲዱን፣ ማለትም የባለቤትነት ሰነዱን፣ መዝግቦ የሚያስቀምጠው ደግሞ የሰርኪት ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ስህተቱ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ሳይለዩ ስልክ ላይ መጨቃጨቅ ጊዜ መፍጀት ብቻ ነው፦ ካውንቲው ግምት አይቀንስም፣ ኤስዳት ቢል አይሰርዝም፣ ሁለቱም ዲድ ላይ የተጻፈ ስም አይነኩም።

ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የሚሰጠው ምክር እዚህ አይሠራም። ፌርፋክስ ካውንቲ ራሱ ይገምታል፣ የሚገምተውም በየዓመቱ ነው። ሜሪላንድ በየሦስት ዓመቱ ይገምትና ጭማሪውን ለሦስት ዓመት እኩል ያካፍለዋል።

ሜይ፣ ገጹን ማግኘት

የኤስዳት ድረ ገጽ ላይ “ሪል ፕሮፐርቲ ሰርች” የሚለው ተከፈተ። መጀመሪያ ካውንቲው ይመረጣል፣ ቀጥሎ የፍለጋው ዓይነት፣ ማለትም በአድራሻ፣ በአካውንት ቁጥር ወይም በካርታና ፓርሰል (የመሬት ቁራሽ) ቁጥር። በባለቤት ስም መፈለግ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አድራሻው ላይ ነው። የቤቱ ቁጥር በአንዱ ሳጥን፣ የመንገዱ ስም በሌላው ይገባል፤ መንገዱ ግን ስትሪት፣ አቬኑ፣ ድራይቭ፣ ኖርዝ የሚሉት ሳይታከሉበት ባዶ ስሙ ብቻ ይጻፋል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ላለ ቤት “ጆርጂያ” ማለት ይበቃል። “አቬኑ” ከተጨመረ ቤቱ በዓይን እየታየ “አልተገኘም” የሚል መልስ ይመጣል። እንደዚያም ሆኖ ካልተገኘ ስሙን ማሳጠርና ከሚመጣው ዝርዝር መምረጥ ነው።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገለበጠው የአካውንት ቁጥሩ ነው፤ ባለ ሁለት አሃዝ ዲስትሪክት፣ ከዚያ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር። ለዚህ ቤት ዲስትሪክቱ 13 ነው። ካውንቲው፣ ባንኩና የስም ዝውውሩን የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ሁሉም ቤቱን የሚያውቁት በዚህ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ መጀመሪያ ያለችው ዜሮ ከተዘለለች የካውንቲው ገጽ ቢሉን አያወጣም።

ሜይ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ

ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ዋጋው ላይ ነው። መቅደም የሚገባው ግን ከላይ ያለው “ፕሪንሲፓል ሬዚደንስ” ነው፤ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ዋና መኖሪያ ነው ወይ የሚለው። እዚህ ቤት ላይ “ኖ” ይላል። የቀድሞው ባለቤት ቤቱን አከራይቶት ከነበረ ወይም በክሎዚንግ፣ ማለትም በግዢው የመጨረሻ ፊርማ ጊዜ፣ የተሞላው ቅጽ ላይ ምልክቱ ካልተደረገ እንዲህ ይሆናል። ይህች አንዲት ቃል ምን ያህል ገንዘብ እንደምትይዝ የጁላይ ማስታወሻ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ የፖስታ አድራሻው ታየ። የድሮው ባለቤት ወይም የድሮው አፓርታማ አድራሻ ተጽፎ ከቀረ የግምት ማስታወቂያውም ቢሉም ወደዚያ ይሄዳሉ። ደብዳቤው አልደረሰኝም ማለት ወለድና ቅጣት አያስቀርም። የአድራሻ ለውጥ በኤስዳት ቅጽ ይጠየቃል፤ ፖስታ ቤት ብቻ ሄዶ ማስለወጥ መዝገቡን አይለውጠውም።

የቤቱ መግለጫ ክፍል የተሠራበትን ዓመት፣ ከመሬት በላይ ያለውን የመኖሪያ ስፋት፣ ያለቀ ቤዝመንት ካለ ስፋቱን፣ የመሬቱን ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤቶቹን ቁጥርና የጥራት ደረጃውን ይዟል። ከመሬት በላይ 1,840 ስኩዌር ፊት ይላል። ሪልተሩ ማስታወቂያ ላይ የጻፈው ቤዝመንቱንም ደምሮ ስለሆነ ሁለቱ ባይገጥሙ አያስደነግጥም። ሜትር የሚያስይዘው የራሱ የግንቡ ልኬት ካልገጠመ ነው። ኤስዳት የሚለካው ከውጭ ግድግዳ ወደ ውጭ ግድግዳ ነው፤ ክፍል በክፍል ከውስጥ ለክቶ “አንሶ አገኘሁት” ማለት አያስኬድም።

ዋጋው በሦስት ዓምድ ተቀምጧል፦ የቀድሞው መነሻ ዋጋ፣ አዲሱ ግምት፣ ከዚያ ከጁላይ 1 ጀምሮ የሚሠራበት የየዓመቱ ዋጋ። መነሻው 400,000፣ አዲሱ 580,000 ነው። ልዩነቱ 180,000 ስለሆነ በዓመት 60,000 ይጨመራል፤ አንደኛው ዓመት 460,000፣ ሁለተኛው 520,000፣ ሦስተኛው 580,000። ገዢው የገባው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቢሉ የሚሰላው በ580,000 ነው።

ከታች የሽያጭ ታሪኩ አለ፤ ሻጭ፣ ቀን፣ ዋጋ። “አርምስ ሌንግዝ” ከተባለ በማይዛመዱ ሰዎች መካከል በገበያ ዋጋ የተሸጠ ነው። “ነን አርምስ ሌንግዝ” ከሆነ በቤተሰብ መካከል የተላለፈ ወይም ባንክ የወሰደው ሊሆን ስለሚችል ለዋጋ ማነጻጸሪያ አይወሰድም። ከሁሉ በታች የሆምስቴድ፣ ማለትም የታክሱን ጭማሪ የሚገድበው ክሬዲት፣ ማመልከቻ ሁኔታ ይታያል። የጸደቀ ከሆነ ቀኑ አብሮ ይጻፋል። እዚህ ቤት ላይ “ኖ አፕሊኬሽን” ይላል።

አንድ በችኮላ መታየት ያለበት ነገር፦ ከጃንዩዋሪ 1 በኋላ ከጁላይ 1 በፊት ቤት የገዛ ሰው፣ ቤቱ በስሙ ከዞረ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ግምቱን መቃወም ይችላል። የኤፕሪል ገዢ ጊዜው የሚያልቅበት ጁን ላይ ነው። ይህ ቤት 580,000 ተገምቶ በ610,000 ስለተሸጠ ይግባኙ አልተሞከረም። የተገዛበት ዋጋ ራሱ መከራከሪያውን ያፈርሰዋል። በ540,000 ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ግን የክሎዚንጉን ሰነድ አያይዞ ማስገባት ነበር።

ጁን፣ ዲዱና ስሙ

ኤስዳት ላይ ያለው “ዲድ ሪፈረንስ” ሁለት ቁጥር ነው፤ የመዝገቡ ቅጽና ገጽ። በእነዚህ ቁጥሮች የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የዲዱን ምስል ማውጣት ይቻላል። በነፃ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል። ቁጥሮቹ ካሉ በስም መፈለግ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ባይሞከር ይሻላል። የፍርድ ቤቱ ማውጫ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚይዝ በፓስፖርት እንደተጻፈው የተመዘገበ ሰው በአያቱ ስም ሥር ይገኛል። ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም የመሳሰሉት ደግሞ አንዳንዱ ዲድ ላይ ተያይዘው፣ አንዳንዱ ላይ ተነጥለው ተጽፈዋል፤ ሲነጠሉ ማውጫው ውስጥ “መድኅን” ብቻቸውን ይቆማሉ። የባልና የሚስት የአባት ስም ስለሚለያይም አንዱን ያገኘ ሌላውን አያገኝም።

ዲዱ ላይ ፊደል ከተሳሳተ ኤስዳት አያርመውም፤ እሱ የሚገለብጠው ከዲዱ ነው። ክሎዚንጉን የሠራው ታይትል ካምፓኒ የማረሚያ ዲድ አዘጋጅቶ ያስመዘግባል። ስህተቱ የእነሱ ከሆነ ያለ ክፍያ እንዲሠሩት መጠየቅ አግባብ ነው።

ጁን፣ ሆምስቴድ

ሆምስቴድ ክሬዲት ቤቱን አይገምትም፣ ግምቱንም አይቀንስም። ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይዘል ይይዘዋል። ለስቴቱ ታክስ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ካውንቲዎች ለራሳቸው ድርሻ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ሞንትጎመሪ 10 በመቶውን ይዟል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ከዋጋ ንረቱ ጋር አስሮ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎታል።

የቀድሞዋ ባለቤት ሆምስቴድ ያላት ነዋሪ ብትሆን ኖሮ ስሌቷ እንዲህ ይሄዳል። ከ400,000 ተነስቶ የአንደኛው ዓመት ጣሪያ 440,000፣ የሁለተኛው 484,000፣ የሦስተኛው 532,400። በሦስተኛው ዓመት ግምቱ 580,000 ቢሆንም የምትከፍለው በ532,400 ነው፤ 47,600ው ይቀርላታል። ቤቱ ሲሸጥ ይህ ይቆረጣል። አዲሱ ገዢ በ580,000 ይጀምራል። የቤት መሸጫ ድረ ገጾች “ዓመታዊ ታክስ” ብለው የሚያሳዩት የሻጩን ቢል ስለሆነ በእሱ በጀት የያዘ ሰው ጁላይ ላይ ይደነግጣል። ቤት ከመግዛት በፊት ማየት የሚገባው የሻጩን ቢል ሳይሆን የኤስዳትን የሚቀጥለው ጁላይ 1 ዋጋ ነው። ይህን ብቻ ያወቀ ገዢ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ባልና ሚስት ሁለት ቤት ቢኖራቸውም የሚፈቀድላቸው አንድ ሆምስቴድ ነው። በኤልኤልሲ (በኩባንያ) ስም የተገዛ ቤት አያገኝም። ቤቱ ባለፈው የታክስ ዓመት ውስጥ እጅ ከለወጠ ክሬዲቱ ወዲያው አይጀምርም፤ ለዚህ ቤት መሥራት የሚችለው ከሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ነው። ቢሆንም አሁኑኑ ተሞልቶ ተላከ፤ “ዋና መኖሪያ” የሚለው ምልክትም እንዲስተካከል በዚያው ተጠየቀ።

ተሞልቶ ጸድቆም ክሬዲቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ግምት 700,000 ቢሆን ጭማሪው በዓመት 40,000 ነው፤ 620,000 ከ638,000 ጣሪያ በታች ስለሆነ ሞንትጎመሪ ላይ የሚቀነስ የለም። ይኸው ቤት ፕሪንስ ጆርጅስ ቢሆንና የዓመቱ ጣሪያ 5 በመቶ ቢወጣ በ609,000 ላይ ስለሚቆም ከካውንቲው ድርሻ 11,000ው ይነሳለት ነበር።

ጁላይ፣ ቢሉ

የታክስ ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ቢሉ ከካውንቲው ገጽ በአካውንት ቁጥሩ ተከፈተ። መስመሮቹ ብዙ ናቸው፤ ከግምቱ ጋር የሚያያዙትንና የማይያያዙትን መለየት ይቀድማል።

የስቴቱ ታክስ በየ100 ዶላሩ 0.112 ነው፤ በ580,000 ላይ 649.60 ዶላር። የካውንቲው ታክስ በምክር ቤቱ በየዓመቱ ይወሰናል። ለስሌት በ100 ዶላር 1 ዶላር ቢባል 5,800 ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ስለሌለው የከተማ ታክስ የለበትም፤ ታኮማ ፓርክ፣ ሮክቪልና ጌተርስበርግ ግን የራሳቸውን መስመር ይጨምራሉ።

ከግምቱ ጋር የማይያያዙት የቆሻሻ ክፍያውና የውኃ ጥራት ክፍያው ናቸው። የውኃ ጥራቱ የሚሰላው ዝናብ በማያሳልፍ መሬት ነው፤ ጣሪያ፣ ድራይቭዌይ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጓሮ። መለኪያው አንድ አሃድ 2,406 ስኩዌር ፊት ሲሆን የመኖሪያ ቤቶች በሰባት ደረጃ ይመደባሉ። ጓሮውን በሙሉ ኮንክሪት ያለበሰ ሰው ደረጃው ከፍ ሊልበት ይችላል። በቆሻሻው በኩል ደግሞ ካውንቲው ቆሻሻ የሚያነሳበትና ነዋሪው በራሱ ኩባንያ የሚቀጥርበት ክልል የተለያየ ነው። በራሱ እየከፈለ ቢሉም ላይ የማንሻ ክፍያ ያገኘ ሰው ክልሉን ያጣራ።

የዋና መኖሪያ ጉዳይ እዚህ ገንዘብ ሆነ። ሞንትጎመሪ ለነዋሪ ባለቤት በቢሉ ላይ የሚቀንሰው ክሬዲት አለ፤ ለብዙ ዓመታት 692 ዶላር ሆኖ የቆየ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚያጸድቀው። ኤስዳት ላይ “ኖ” ተብሎ የቀረ ቤት ይህ መስመር አይወጣለትም። ሌላም ያጣል፦ ነዋሪ ባለቤት በሁለት ጊዜ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30ና እስከ ዲሴምበር 31 ይከፍላል፤ ዋና መኖሪያ ያልሆነ ግን ሙሉውን በሴፕቴምበር 30 ይጠየቃል። ኤስዳት ምልክቱን “የስ” ሲያደርግ ካውንቲው የተስተካከለ ቢል ያወጣል። በቀጥታ ካውንቲው ጋ መደወል ግን ምንም አያመጣም፤ ካውንቲው ኤስዳት የሰጠውን ነው የሚያነበው።

አንድ የማይታይ ክፍያም አለ። በአንዳንድ አዳዲስ ሰፈሮች የውኃና የፍሳሽ መስመሩን የዘረጋው አልሚ ለረጅም ዓመታት በየዓመቱ የሚያስከፍለው ገንዘብ ከግል ድርጅት ለብቻው ይመጣል እንጂ ታክስ ቢሉ ላይ አይወጣም። የሚገኘው የግዢ ውሉ አባሪ ውስጥ ነው። አዲስ የተሠራ ቤት ለገዛ ሰው ደግሞ፣ ክላርክስበርግ አካባቢ እንደሚታየው፣ የመጀመሪያው ቢል የባዶ መሬቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲያልቅ በሩብ ዓመት እየታሰበ ተጨማሪ ቢል ይመጣል። ትንሽ ቢል አይቶ ደስ ከማለት በፊት “ኢምፕሩቭመንትስ” (መሬቱ ላይ ያለው ግንባታ) የሚለው ዓምድ ዜሮ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው።

ኦገስት፣ ኤስክሮው

ቢሉን የሚከፍለው ባንኩ ቢሆንም ቢሉን ማንበብ የባለቤቱ ሥራ ነው። ክሎዚንግ ላይ ኤስክሮው፣ ማለትም ባንኩ ለታክሱ በየወሩ የሚይዘው ገንዘብ፣ የተሰላው ሻጯ ሆምስቴድ ይዛ በሦስተኛው ዓመት በምትከፍልበት በ532,400 ከሆነ፣ የ47,600 ልዩነቱ ካውንቲው በ1 ዶላር ሒሳብ 476፣ ስቴቱ 53.31፣ በድምሩ 529.31 ጉድለት ያመጣል። ባንኩ ዓመታዊ ስሌቱን ሲሠራ ወርሃዊው ክፍያ ሁለት ጊዜ ይጨምራል፦ ያለፈውን ጉድለት ለመሙላት ወደ 44 ዶላር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ 44። ሰው “ታክሱ በ1,000 ዶላር ጨመረ” የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ የአንድ ዓመት ዕዳ ነው፣ ከዓመት በኋላ ይወርዳል። ጉድለቱን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ወርሃዊውን ማቅለል ይቻላል። የተስተካከለ ቢል ከወጣ ኮፒው ለባንኩ መላክ አለበት፤ አለዚያ በድሮው ስሌት ሊቀጥል ይችላል።

ዲሴምበር መጨረሻ፣ የግምት ማስታወቂያ

የካውንቲው ቤቶች በሦስት ምድብ ተከፍለዋል፤ በየዓመቱ አንዱ ምድብ ብቻ ይገመታል። ማስታወቂያው በዲሴምበር መጨረሻ ይላካል፣ ይግባኙ ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን አለው። የበዓል ፖስታ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚጠፋው ይኸው ወረቀት ነው።

ይግባኝ ከመጻፉ በፊት የቤቱ የግመታ ወረቀት ከኤስዳት ተጠየቀ። ስፋቱ፣ የጥራት ደረጃው፣ የእርጅና ቅናሹና የአካባቢው ማባዣ ዝርዝር የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ግንቡ ከውጭ ሲለካ 1,640 ስኩዌር ፊት ወጣ፤ መዝገቡ 1,840 ይላል። ሁለት መቶ ስኩዌር ፊት በናሙና 130 ዶላር ሲባዛ 26,000 ነው። ታክሱ በየ100 ዶላሩ በ1.112 (የካውንቲው 1 እና የስቴቱ 0.112) ሒሳብ በዓመት 289.12 ይሆናልና ሰው በሦስት አባዝቶ 867 ይጠብቃል። አይደለም። ጭማሪው የሚከፋፈል ስለሆነ ቅናሹም ይከፋፈላል፤ አንደኛው ዓመት ሲሶው፣ ሁለተኛው ሁለት ሲሶው፣ ሦስተኛው ሙሉው። የሦስቱ ዓመት ድምር 578.24 ነው። ሆምስቴዱ ይዞት ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ የግምት ቅናሹ ከጣሪያው በታች ካልወረደ በቢሉ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ይህን ሳያሰሉ ወደ ይግባኝ መግባት ለድካም ነው።

ክርክሩ ላይ የሚሠሩት የልኬት ስህተት፣ ከጃንዩዋሪ 1 በፊት በአካባቢው የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች፣ የመሠረት ስንጥቅ ወይም ውኃ የሚገባው ቤዝመንት ፎቶና የጠጋኝ ዋጋ ማቅረቢያ ናቸው። “ታክሱ በዛብኝ” እና “ጎረቤቴ ያነሰ ይከፍላል” አይሠሩም፤ ጎረቤትየው ሆምስቴዱን ሃያ ዓመት ይዞት ሊሆን ይችላል። መነጻጸር ያለበት የጎረቤቱ ግምት እንጂ ቢሉ አይደለም። የመጀመሪያው ደረጃ በስልክ፣ በአካል ወይም በጽሑፍ ይሰማል። ውሳኔው ካልጣመ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ቦርዱ፣ ከዚያ በሌላ 30 ቀን ወደ ሜሪላንድ ታክስ ኮርት። ይግባኙ እየታየም ቢሆን ቢሉ በጊዜው ይከፈላል፤ ካሸነፉ ትርፉ ይመለሳል።

ፌብሩዋሪ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ባለቤቶች

ከሆምስቴድ ጋር የሚምታታ ሌላ ክሬዲት አለ፤ በገቢ የሚሰጠው የቤት ባለቤቶች ታክስ ክሬዲት። ይህኛው በየዓመቱ ይሞላል። የቤተሰቡ ገቢ ከ60,000 ዶላር እንዳይበልጥ፣ ከቤቱና ከጡረታ ቁጠባ ውጪ ያለው ሀብት ከ200,000 በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሚታሰበውም በግምቱ የመጀመሪያ 300,000 ላይ ነው። ቀመሩ ከገቢው የመጀመሪያ 8,000 ዶላር ምንም፣ ከቀጣዩ 4,000 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 4,000 6.5 በመቶ፣ ከ16,000 በላይ 9 በመቶ ይላል። ገቢው 30,000 የሆነ ሰው 160፣ 260 እና 1,260 ሲደመር 1,680 ይወጣበታል። ከዚያ በላይ ያለው ብቁ ታክስ ክሬዲት ይሆናል።

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ የሚያሰናክለው የዲዱ ጉዳይ ነው። እናትና አባት የሚኖሩበት ቤት በልጅ ስም ብቻ ከተገዛ ወላጆቹ ማመልከት አይችሉም። ስማቸው ዲዱ ላይ ካለና ልጆች አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ጥገኛ ያልሆነና ተመጣጣኝ ኪራይም የማይከፍል ነዋሪ ሁሉ ገቢው ይደመራል። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው፤ እስከ ኤፕሪል 15 የገባ ግን ጁላይ ላይ በሚመጣው ቢል ላይ ተቀንሶ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የገባው በተስተካከለ ቢል ወይም በተመላሽ ይሆናል።

የኤስዳት ገጹ ዳግም ሲከፈት “ዋና መኖሪያ” ላይ “የስ”፣ ሆምስቴዱ ላይ የጸደቀበት ቀን ታይቷል። ገጹ በፒዲኤፍ ተቀምጦ ከዲዱ ምስልና ከሁለቱ ቢሎች ጋር አንድ ፎልደር ገባ። የሚቀረው የልኬቱ ውሳኔ ነው፤ ለሱ ስልክ ላይ የሚቀርበው የአራቱ ውጫዊ ግድግዳ ስዕል፣ እያንዳንዱ በፊትና በኢንች ተጽፎበት፣ ከይግባኙ ቅጽ ጋር ተልኳል።